ከእበት እስከ ምጣድ፦ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያመርቱት ኃይል

እ.ኤ.አ. በ1776 ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ በማጆሬ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘውን ረግረግ በበትር እየነካካ ከጭቃው ሥር የሚወጡትን አረፋዎች በጠርሙስ አጠራቀመ። የተጠራቀመውን አየር በእሳት ሲለኩሰው ሰማያዊ ነበልባል እየሰጠ ነደደ። በኋላ ዘመን የኤሌክትሪክ ባትሪን በመፈልሰፍ ስሙ የገነነው ይህ ሊቅ ያገኘው ጋዝ ዛሬ ሚቴን ብለን የምንጠራው ነው። ጋዙ ዕፅዋት በሚበሰብሱበት ሥፍራ እንደሚገኝ ቮልታ ተገንዝቦ ነበር። የሚያመርቱት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት መሆናቸው ግን የታወቀው ከእርሱ ዘመን እጅግ ዘግይቶ ነው።

የእነዚህ ፍጥረታት ሥራ ዛሬ በገበሬ ጓሮ ከተቆፈረ ጉድጓድ ጀምሮ እስከ ታላላቅ ከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ድረስ ለኃይል ምንጭነት ያገለግላል። ባዮጋዝ ወደ አገራችን ከገባም ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ከተሠሩት ማብላያዎች ብዙዎቹ ጥቂት አገልግለው ሥራ ያቆሙ ናቸው። ተሕዋስያኑ በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ይህ ለምን ሆነ? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ተሕዋስያኑ ምን እንደሚመገቡና እንዴት እንደሚኖሩ መረዳት፣ ቀጥሎም የሚሰጡትን ኃይል የእንጀራ ምጣዳችን ከሚፈልገው ኃይል ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ከሊጥ የሚገኝ ትምህርት

የጤፍ ዱቄት በውኃ ተለውሶ እርሾ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በእርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳርና ስታርች እየሰባበሩ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫሉ። ሊጡን የሚያኮመጥጠው አሲዱ ሲሆን፣ ለእንጀራው ዓይን ምክንያት የሚሆነው ደግሞ ጋዙ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሊጡ ይቦካል፤ አሲዱ እየበዛ ሲሄድም የተሕዋስያኑ ሥራ እየተዳከመ ይመጣል።

በባዮጋዝ ማብላያ ውስጥ የሚካሄደው ሂደት አጀማመሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ በአሲዱ ላይ አለመቆሙ ነው። አሲዱን ተቀብለው ወደ ሚቴን የሚለውጡ ሌሎች ተሕዋስያን አሉና። ኦክሲጅን በሌለበት የሚከናወነው ይህ ሥራ በአራት ደረጃዎች ይከፈላል።

በመጀመሪያው ደረጃ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ በማመንጨት እንደ ሴሉሎስ፣ ፕሮቲንና ስብ ያሉትን ግዙፍ ሞለኪውሎች ወደ ትናንሽና በውኃ የሚሟሙ ሞለኪውሎች ይከፋፍሏቸዋል። በሁለተኛው ደረጃ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎች ስኳሩንና አሚኖ አሲዱን ተመግበው የተለያዩ አሲዶችን፣ አልኮልን፣ ሃይድሮጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይተዋሉ። በሦስተኛው ደረጃ ሌሎች ባክቴሪያዎች እነዚህን አሲዶች የበለጠ በመሰባበር በኮምጣጤ ውስጥ ወደሚገኘው አሴቲክ አሲድና ወደ ሃይድሮጅን ይለውጧቸዋል። በመጨረሻው ደረጃ ሚቴን አምራቾቹ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሚቴን የሚገኘው ከአሴቲክ አሲድ ሲሆን፣ የቀረው ሃይድሮጅንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በማዋሐድ የሚሠራ ነው።

እነዚህ ሚቴን አምራቾች በጥብቅ አነጋገር ባክቴሪያዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ የእነዚህን ተሕዋስያን የዘር መረጃ መርምረው፣ ከባክቴሪያዎች ፈጽሞ የተለየ የሕይወት ዘርፍ አባላት መሆናቸውን አሳወቁ። ይህ ዘርፍ ዛሬ አርኪያ ተብሎ ይጠራል።

በአራቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ትልቅ ልዩነት የፍጥነት ልዩነት ነው። አሲድ ሠሪዎቹ በሰዓታት ውስጥ በእጥፍ ይራባሉ፤ ከአሴቲክ አሲድ ሚቴን የሚሠሩት አርኪያዎች ግን ለዚሁ ቀናት ያስፈልጓቸዋል። ስለዚህ ማብላያው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ከጎረሰ የፊተኞቹ አሲዱን ያከማቻሉ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ሊደርሱባቸው አይችሉም። ውስጡ ይኮመጥጣል፤ የአሲድነት መለኪያው ከ6.5 በታች ሲወርድም ሚቴን አምራቾቹ ሥራቸውን ያቆማሉ። እንዲህ የኮመጠጠ ማብላያ እንደ ሊጥ ተደፍቶ በማግሥቱ እንደገና አይቦካም። እስኪያገግም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ለማብላያ የሚሆነው እርሾ ከየት ይገኛል? ከብት ራሷ ታመጣዋለች። የሚያመሰኩ እንስሳት ሣር የሚፈጩት በጨጓራቸው በሚኖሩ ተሕዋስያን አማካይነት ነው፤ ከእነዚህም መካከል ሚቴን አምራቾች አሉ። ከብት በምታገሳበት ጊዜ ከአፏ የሚወጣው ጋዝ ሚቴን ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። ከእበቱ ጋር ተሕዋስያኑ አብረው ስለሚወጡ ትኩስ እበት ምግቡንም እርሾውንም በአንድነት ይዞ ይመጣል።

የማብላያው አሠራር

በአገራችን የተስፋፋው ማብላያ ከድንጋይ ወይም ከጡብና ከሲሚንቶ ከመሬት በታች የሚገነባ፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የሆነ ጉድጓድ ነው። በአንድ በኩል እበትና ውኃ እኩል ለእኩል የሚበጠበጡበት መግቢያ፣ በሌላው በኩል ደግሞ የተብላላው ዝቃጭ የሚወጣበት ገንዳ አለው። የሚመረተው ጋዝ በጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም ዝቃጩን ወደ ገንዳው ይገፋዋል፤ በዚህ የሚፈጠረው ግፊትም ጋዙን በቧንቧ ወደ ማዕድ ቤት ያደርሰዋል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የገባው እበት በውስጡ 50 ቀን ያህል ይቆያል።

ከዚህ የሚገኘው ባዮጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሚቴን ነው። የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ በጥቂቱም የበሰበሰ ዕንቁላል ጠረን ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይገኝበታል። እንጨት ግን ለማብላያ የሚሆን ምግብ አይደለም። በእንጨት ውስጥ ያለውን ሊግኒን የተባለ ጠንካራ ውሁድ እነዚህ ተሕዋስያን ሊሰባብሩት አይችሉም።

የአገራችን ተሞክሮ

ባዮጋዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መገባደጃ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርተ ዓመታት በተቋማትና በገበሬዎች ቤት አንድ ሺህ ያህል ማብላያዎች ተሠሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ጥናት ከእነዚህ 40 በመቶ ያህሉ የማይሠሩ ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ትምህርት በመነሣት እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ተጀመረ። ፕሮግራሙ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በወቅቱ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ይባል በነበረው ክልል በአምስት ዓመት 14,000 ማብላያዎችን ለመገንባት አቅዶ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተገነቡት ግን ከ8,000 ጥቂት የበለጡ ናቸው። የተመረጠው ማብላያ በኔፓል ከተስፋፋው ዓይነት የተወሰደና ለአገራችን እንዲስማማ የተሻሻለ ሲሆን «ስንዱ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። ተጠቃሚ ለመሆን አንድ ቤተሰብ ቢያንስ አራት ከብት እንዲኖረውና ውኃ ከግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ባልበለጠ ርቀት እንዲያገኝ ይጠበቅ ነበር።

እነዚህ ሁለት መመዘኛዎች የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ማብላያ በየቀኑ የሚመገብና የሚጠጣ ሕያው ማኅበረሰብ የሚኖርበት ቤት ነው። እንደ ሞተር አጥፍተነው ቆይተን ስንፈልግ የምናስነሣው መሣሪያ አይደለም።

የእንጀራ ስሌት

አሁን ተሕዋስያኑ የሚሰጡትን ኃይል በቁጥር እንመልከተው። አራት ከብት ያለው ቤተሰብ ከበረቱ በቀን 25 ኪሎ ግራም ትኩስ እበት ሰበሰበ እንበል። አንድ ኪሎ ግራም እበት በመልካም ሁኔታ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ የቀኑ ምርት አንድ ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚህ 60 በመቶው ሚቴን ቢሆን የያዘው ኃይል 21 ሜጋጁል ገደማ ነው። የባዮጋዝ ምድጃ ከዚህ ግማሹን ወደ ድስቱ ያደርሳል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ግን ወደ ድስቱ የሚያደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ኃይሉን ብቻ ነው። በመሆኑም የአንድ ቀኑ ጋዝ አምስት ኪሎ ግራም ያህል እንጨት ይተካል። ጋዙ በአንድ ምድጃ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ሊነድ ስለሚችል ወጥ ለመሥራት፣ ቡና ለማፍላትና ለሻይ ይበቃል።

እንጀራ ሲመጣ ስሌቱ ይለወጣል። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ምጣድ በላዩ ላይ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል መዳረስ አለበት። በከተማ የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ኃይል ይወስዳል። ይህንኑ ያህል ሙቀት ከባዮጋዝ ለማግኘት፣ ግማሹ ብቻ ወደ ምጣዱ እንደሚደርስ ካሰብን፣ በሰዓት 1.2 ሜትር ኩብ ጋዝ ማንደድ ግድ ይላል። የጋገራው ጊዜ ሁለት ሰዓት ቢሆን የሚያስፈልገው 2.4 ሜትር ኩብ ነው። ይህም ከሁለት ቀን በላይ የሚመረት ጋዝ ማለት ነው። በጉልላቱ ሥር በአንድ ጊዜ ሊጠራቀም የሚችለው ግን የአንድ ቀን ምርት እንኳ አይሞላም።

ይህ ግምታዊ ስሌት ቢሆንም ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። በኢትዮጵያ ቤቶች ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው የእንጀራ ጋገራ እንደሆነ ጥናቶች ይገልጻሉ። ባዮጋዝ ወጡን አብስሎ እንጀራውን ካልጋገረ፣ እናቶች ከጭሱ፣ ጫካውም ከመጥረቢያው ሙሉ በሙሉ አይገላገሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በግምቱ እንዳስቀመጠው፣ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። እንግዲህ ከኔፓል የመጣው ማብላያ ለሩዝ ማብሰያ የሚበቃ ኃይል ስለሰጠ ለእኛ ምጣድም ይበቃል ማለት አይቻልም።

መፍትሔው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይመጣም። እንጀራ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ የሚጋገር በመሆኑ የመካከለኛዎቹን ቀናት ጋዝ በጎማ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ማጠራቀም ይቻላል። ምጣዱን ስስ ማድረግና ዙሪያውን ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር መሸፈን የሚባክነውን ሙቀት ይቀንሳል። ለባዮጋዝ የሚሆን ምጣድ ለመሥራት በአገራችን ሙከራዎች ተደርገዋል፤ ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ውኃና ብርድ

ሁለተኛው ፈተና ውኃ ነው። 25 ኪሎ ግራም እበት 25 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ይህም በየቀኑ አንድ ትልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በሩቅ በሚገኝበት መንደር ይህን ጀሪካን የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ማገዶ ከመልቀም ያተረፉት ጊዜ ውኃ በመቅዳት ካለቀ፣ ማብላያው መመገቡን የሚያቆምበት ቀን ሩቅ አይሆንም። ለዚህ በከፊል መፍትሔ የሚሆነው የከብቶችን ሽንት በውኃው ምትክ መጠቀምና መጸዳጃ ቤቱን ከማብላያው ጋር ማገናኘት ነው። ሳሙና ወይም የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለበት እጣቢ ግን ተሕዋስያኑን ስለሚጎዳ ወደ ማብላያው መግባት የለበትም።

ሦስተኛው ፈተና ብርድ ነው። ለአብዛኞቹ ሚቴን አምራቾች ምቹ የሚሆነው 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ የጋዙ ምርት እጅግ ይቀንሳል፤ ከ10 በታች ደግሞ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በቆላ ለአንድ ቤተሰብ የበቃ ማብላያ በደጋ ላይበቃ ይችላል። ጉልላቱ ከመሬት በታች የሚቀበረው ከሌሊቱ ብርድ እንዲጠበቅ ነው። በላዩ ላይ ገለባ ወይም ብስባሽ መከመር፣ መበጥበጫውን ውኃ በፀሐይ ማሞቅና እበቱ በውስጡ የሚቆይበትን ጊዜ ማርዘም የደጋውን ችግር ያቃልላሉ።

ኩበት ወይስ ማዳበሪያ?

ማገዶ በጠፋበት የደጋ አገር ገበሬ እበቱን በሁለት ተቀናቃኝ ፍላጎቶች መካከል ማካፈል ይኖርበታል። ኩበት ጠፍጥፎ ቢያነደው ምግቡን ያበስላል፤ በእርሻው ላይ ቢበትነው ሰብሉን ይመግባል። እበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይጠፋል።

ማብላያው ይህን ምርጫ አላስፈላጊ ያደርገዋል። ተሕዋስያኑ ከእበቱ የሚወስዱት በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። እንዲያውም የናይትሮጅኑ ከፊል ዕፅዋት በቀላሉ ወደሚወስዱት አሞኒያ ይለወጣል። አንዱ እበት ማገዶም ማዳበሪያም ይሆናል ማለት ነው። ዝቃጩ በፀሐይ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ከቆየ ግን አሞኒያው በንኖ ስለሚጠፋ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ወይም ከገለባ ጋር ማደባለቅ ይገባል።

በከተማ የተከመረው ኃይል

እነዚሁ ተሕዋስያን በከተማም ሥራ አይፈቱም። በቆሻሻ ክምር ሥር አየር በማይደርስበት ጥልቀት የሚበሰብሰውን የምግብ ትራፊ ወደ ሚቴን ይለውጡታል። የሚይዘው ስለሌለ ግን ጋዙ ወደ ከባቢ አየር ይበተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው፣ የከተማ ቆሻሻ ጉዳይ ምን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደሆነ አሳይቷል።

በዚያው አካባቢ የተገነባው የረጲ ኃይል ማመንጫ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ተመርቋል። የተመረጠው ዘዴ ማቃጠል ነው። ማቃጠል የቆሻሻውን ብዛት በፍጥነት ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የወጥ ቤት ቆሻሻ አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። ከአንድ ኪሎ ግራም ቆሻሻ 70 በመቶው ውኃ ቢሆን ያንን ውኃ ለማትነን ብቻ 1.6 ሜጋጁል ያህል ኃይል ይወጣል። ለእሳት ሸክም የሆነው ውኃ ለባክቴሪያዎቹ ግን መኖሪያቸው ነው። ከዚህም በላይ የምግብ ትራፊ በከብት ሆድ አልፎ ኃይሉን ያልተነጠቀ በመሆኑ፣ በክብደት ሲመዘን ከእበት ሁለትና ሦስት እጥፍ ጋዝ ሊሰጥ ይችላል።

እርግጥ ለዚህ ቅድመ ሁኔታ አለው። የሚበሰብሰው ቆሻሻ ከፕላስቲክ፣ ከመስተዋትና ከብረታ ብረት ተለይቶ መሰብሰብ አለበት። የመለየቱ ሥራ የሚጀምረውም በየቤቱ ነው። በተጨማሪም የምግብ ትራፊ በፍጥነት ስለሚኮመጥጥ ከእበት ጋር ማደባለቅና በልክ በልኩ መመገብ ያሻል።

ንጹሕ የሚሆነው መቼ ነው?

ባዮጋዝ ንጹሕ ኃይል የሚባለው ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዕፅዋት በቅርቡ ከአየር የወሰዱት ስለሆነ ነው። ሳይነድ ያመለጠ ሚቴን ግን በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ረገድ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጉልላቱ የተሰነጠቀ ወይም ቧንቧው የሚያፈስ ማብላያ ንጹሕ ሊባል አይችልም። በተጨማሪም ከ5 እስከ 15 በመቶ ሚቴን ያለበት አየር በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። ባዶ ወደሆነ ማብላያ ውስጥ መግባትም በኦክሲጅን እጦትና በመርዛማ ጋዝ ሰው ሊገድል ይችላል። ለሙያው የሠለጠነ ጠጋኝና መለዋወጫ በአቅራቢያ መገኘቱ ከግንባታው የማይተናነስ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በቤተ ሙከራ

ለማብላያ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ተማሪዎች በትንሹ ሊመለከቱት ይችላሉ። ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይዘጋጁ። በሁለቱ ውስጥ እኩል የተበጠበጠ እበትና ውኃ፣ በሦስተኛው ደግሞ የወጥ ቤት ትራፊና ውኃ እስከ ግማሽ ይጨመር። በአፋቸው ላይ በክዳን ምትክ ፊኛ ይታሰር። አንዱ የእበት ጠርሙስና የወጥ ቤቱ ትራፊ ሞቃት ሥፍራ፣ ሌላው የእበት ጠርሙስ ቀዝቃዛ ጥላ ሥር ይቀመጡ። የፊኛዎቹ ዙሪያ በየቀኑ ለአራት ሳምንት ይለካ፤ በመጨረሻም ፈሳሹ በሊትመስ ወረቀት ይፈተን። የወጥ ቤቱ ትራፊ ፈጥኖ ፊኛውን ሊነፋው ይችላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ፈሳሹም ወደ አሲድነት ሊያዘነብል ይችላል። በዚህ ሙከራ እሳት ወደ ፊኛዎቹ አይቀርብም፤ እጅም በሚገባ በሳሙና መታጠብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ተሕዋስያኑ የሚጠበቅባቸውን ሥራ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲሠሩ የኖሩ መሆናቸውን ነው። ችግሩ የነበረው ለእነርሱ የምናዘጋጀው ቤት፣ ውኃ፣ ሙቀትና የዕለት ምግብ ላይ ነው። በእንጀራ ጋገራ ልክ የተሠራ ማብላያና ምጣድ፣ በደጋ ብርድ የማይሰንፍ የተሕዋስያን ስብስብ፣ በጥቂት ውኃ የሚሠራ አበላል፦ እነዚህ ለአገራችን ወጣት ተመራማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች ናቸው። ሌላ አገር መልሱን ይሠራልናል ብለን ልንጠብቅ አንችልም፤ እንጀራ የምንጋግረው እኛ ነንና።